አባ ሜትር አርክቴክት የማረኩበት ዜና

አሮጌው ፍሪጅ ባረፈ በአራተኛው፣ አዲሱ ፍሪጅ በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፣ ዘመኑም ዘመነ ስታብላይዘር ተብሎ በሚጠራበት ወራት፣ ንጽሕፍ ዜናሁ፤ የቧንቧ ጠጋኙን፣ የአምፖል ቀያሪውን፣ መሰላል ሳይያዝላቸው ወጥተው በጎረቤት ርዳታ የወረዱትን፣ የጂኦግራፊ መምህሩን፣ የአባ ሜትርን ዜና እንጽፋለን። አባ ሜትር መባላቸውም የመለኪያ ሜትራቸው ከወገባቸው ተለይቶ ስለማያውቅ ነው። እኔ ጸሐፊው ከአጥሩ ማዶ የምኖር ጎረቤታቸው ነኝ። ያላየሁትን አልጽፍም፤ አጥሩ ደግሞ እግዜር ይስጠው አጭር ነው።

ወእምዝ የነገሩ መነሻ እንዲህ ሆነ። የአባ ሜትር አማት ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣ ስላላቸው፣ ከነበሩበት አራተኛ ፎቅ ወርደው ከልጃቸውና ከአማቻቸው ጋር ሊኖሩ ተቆረጠ። ቤቱ ግን ሁለት መኝታና አንድ ሳሎን እንጂ ሌላ አልነበረውም። አባ ሜትር እኒህን ሴት ይወዷቸዋል፤ ይህን ለወግ ያህል አልጻፍኩትም። ሥራ ፈትተው በተቀመጡበት ዘመን ዘመድ ሁሉ ሲያያቸው መንገድ ሲቀይር፣ «ልጄ» ማለትን ያላቋረጡ እኒህ አማታቸው ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ለእሳቸው የሚመጥን ክፍል በጓሮ በኩል ሊቀጥሉ በልባቸው ማሉ፤ አበላሽተው እንዳያሳፍሯቸውም ፈሩ።

በዚያም ወራት እመቤቲቱ ባለቤታቸው፣ በሙያቸው ነርስ የሆኑት፣ መርፌያቸው የማያም ቃላቸው ግን የሚጠዘጥዝ፣ ከኩሽናው ደጃፍ ቆመው አዋጅ አስነገሩ፦ «እናቴ ሳሎን አትተኛም! ክፍሉ ይሠራ፤ ግን አርክቴክት ይጠራ። ባለሙያ ያላየው ግድግዳ ቤቴ ላይ አይለጠፍም!»

አባ ሜትር ይህን በሰሙ ጊዜ እንደ ጀበና ፈልተው፣ ሜትራቸውን ሳብ አድርገው ለቀቅ፣ ሳብ አድርገው ለቀቅ እያደረጉ አጸፋውን አወጁ፦ «አህጉር በጠመኔ ስሥል የኖርኩ ሰውዬ አንዲት ክፍል ታቅተኛለች? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! አርክቴክት የሚባል ደጄን አይረግጥም!»

የእመቤቲቱ ወንድም፣ የሰፈሩን ራስ ሁሉ በመቀሱ የገዛው ፀጉር አስተካካይ፣ ሦስተኛውን አዋጅ አወጣ፦ «እኔ የሰውን ፀጉር ስቆርጥ እውላለሁ፤ የራሴን ግን ሌላ ጋ ሄጄ ነው የምቆረጠው። አንዴ ራሴን ሞክሬ ስንት ጊዜ በኮፍያ እንደኖርኩ ታውቃላችሁ። ቤት ደግሞ ኮፍያ የለውም!»

ይህ ቃል ከባድ ስለነበረ አባ ሜትር ሦስት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ክፍሉን አስቀድመው በገመድ ሠርተው ለዓለም ሊያሳዩ፣ ዓለምም አይቶ አፉን ሊይዝ፣ በቅዳሜ ማለዳ ዘመቱ። ሠራዊታቸውም ይህ ነበር፦ በቀኝ ክንፍ ፀጉር አስተካካዩ የልብስ ማስጫውን ገመድ በትከሻው ጠምጥሞ፣ በግራ ክንፍ ሴት ልጃቸው አራት ጡብ በባልዲ ተሸክማ፣ በደጀን እመቤቲቱ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ከሁሉም ፊት ድመቲቱ ጭራዋን እንደ ሰንደቅ አቁማ። ገመዱም መሬት ላይ ተዘረጋ፤ በየማዕዘኑ ጡብ ተጫነበት። በሩ በሁለት የአበባ ማሰሮ መካከል ሆነ። መስኮቱንም አባ ሜትር ፎጣ አንጥፈው በሰሜን በኩል አደረጉት፤ በካርታ ሁሉ ላይ ሰሜን ከላይ ነውና። ሰሜኑ የእኔ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ መሆኑን ግን ካርታው አልነገራቸውም።

ከዚህ በኋላ አልጋና ወንበር ወጥቶ ወደ ገመዱ ቤት ገባ፤ ግድግዳ የሚሻገር ሁሉ ከክፍሉ ይባረር ዘንድም ሕግ ተደነገገ። ልጅቱ አንድ ጊዜ ተሻግራ ተባረረች። ፀጉር አስተካካዩ ግድግዳውን ተደግፎ ሊቆም ሲል ወደቀ። ድመቲቱ ግን ሕግ የማታውቅ ናትና እንዳሻት ትመላለስ ነበር።

ወእምዝ አማቲቱ ሊጠይቋቸው መጡ። ይህን ሁሉ ጉድ አያውቁምና ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ ገመዱን ተሻግረው፣ ቀጥ ብለው ወደ አልጋው ሄዱ። ሕዝቡም በአንድ ድምፅ፣ «ኧረ በግድግዳ ገቡ! በበሩ! በበሩ!» ሲል አወጀ። እሳቸውም የአማቻቸውን ፊት አይተው ነገሩ የዋዛ እንዳልሆነ ስለገባቸው፣ ተመልሰው ወጡና ዞረው በአበባ ማሰሮዎቹ መካከል ገቡ። በአልጋውም ላይ ተጋደሙ። ወደ ቀኝ አዩ፤ ወደ ግራ አዩ፤ ከዚያ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«አልጋው ደህና ነው። ግን እዚህ ተኝቼ የማየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው፤ ጎረቤቱም ይኸው አንገቱን አስግጎ እኔን ያየኛል። ማን እንደወጣ፣ ማን እንደገባ፣ ልጅቱ ከትምህርት ቤት መመለሷን በምን አውቃለሁ? እኔ ልኖር እንጂ እንደ ዕቃ እንድታኖሩኝ አልመጣሁም።»

አባ ሜትር ዞረው ወደ አጥሩ ተመለከቱ። እኔም ራሴን ከአጥሩ ትንሽ ዝቅ አደረግሁ።

ወዲያውም አባ ሜትር መስኮቱን ነቅለው ወደ ምሥራቅ ቢያዞሩት ኩሽናው ጨለማ ሊሆን ሆነ፤ ወደ ደቡብ ቢያዞሩት የሽንት ቤቱ በር አልከፈት አለ፤ ገመዱን ወዲህ ቢስቡት አልጋው እግሩ ውጭ አደረ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው እንዲሉ፣ ፀሐይ አናታቸውን ስትመታ ቆዩና ሜትራቸውን ከወገባቸው ፈትተው በአማታቸው እግር ሥር አኖሩ። ድምፃቸውንም ከፍ አድርገው፣ «አርክቴክት ትማረክ! ትምጣና ልያት፤ ለመቅጠር ግን ገና አልማልኩም!» ብለው አወጁ። ተሸነፉ የሚል ሰው ቢኖር ታሪክ አያውቅም። ድል አድራጊ ካልሆነ ማን ይማርካል?

በተከታዩም ቅዳሜ እመቤቲቱ በመሥሪያ ቤታቸው አጠያይቀው ያገኟት አርክቴክት ቦርሳዋን አንግታ መጣች። ገመዱ አልተነሣም ነበር፤ የቤቱ ልብስ ሁሉ ሳምንቱን በእኔ አጥር ላይ ተሰጥቶ ከርሟል። አማቲቱ በገመዱ ቤት አልጋ ላይ ሆነው ፀሐይ ይሞቃሉ። ማንም ለአርክቴክቷ ምንም አልነገራትም፤ አባ ሜትር በዓይናቸው ከልክለዋልና። እሷም ገመዱ ዘንድ ደርሳ አንድ እግሯን አነሣች። እግሯን መለሰች፤ ቁልቁል አየች፤ ገመዱን ተከትላ በዝግታ ዞረች፤ ከአበባ ማሰሮዎቹ ፊት ቆማ ጫማዋን ጠረገች፤ ጎንበስ ብላም ማሰሮውን እንደ በር በጣቷ አንኳኳች።

በዚያች ቅጽበት አባ ሜትር ቀጠሯት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ እንደነበረ እኔ አይቻለሁ።

አማቲቱም ከአልጋቸው ቀና ብለው የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፤ አዋጁም አንድ ቃል ነበረ፦ «ግቢ!»

ይህ ቃል ላልቶ ሲነበብ ወደ ውስጥ ነይ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የነገሥታት መኖሪያ ነው፤ በጽሕፈት ግን አንድ ስለሆነ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ። አርክቴክቷም ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ስለ ስፋቱ ሳትጠይቅ አማቲቱ ጠዋት ሲነቁ ማንን ማየት እንደሚወዱ ጠየቀች። ክፍሉም ከጓሮ ወደ ፊት ዞረ፤ መስኮቱ የውጭውን በር የሚያይ ሆነ። ሁለተኛው ያሠመረችው መሥመር አጥሩ ከፍ እንዲል ነበረ። እኔም ያላየሁትን ስለማልጽፍ ዜናው በዚሁ ይፈጸማል።

እንግዲህ ክብር ይሁን ሰሜንን አግኝተው መስኮቱን ለሳቱ፣ ሜትራቸውን ፈትተው ላልተዋረዱ፣ አርክቴክትን ያለ ጦር ለማረኩ፣ በአራት ጡብና በአንድ የልብስ ገመድ አማታቸውን ባለ ግቢ ላደረጉ ለአባ ሜትር።