ዝም ያለ ልጅ ሥራ ላይ ነው

ልጅ የወለደ ሰው ሁሉ ሁለት ሐኪም አለው፤ አንዱ በቀጠሮ ይታያል፣ ሌላዋ ሳትጠራ ትመጣለች። ስለ መጀመሪያው የምለው የለኝም። ሁለተኛዋ ግን በየሰፈሩና በየፎቁ አለች፤ እናንተም ታውቋታላችሁ። የእኛዋ ከታችኛው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ፊት ለፊት “እትዬ” እላቸዋለሁ። ከጀርባቸው ማዕረጋቸው ክብርት ተቆጣጣሪ ነው።

ልጃችን መዳህ በጀመረ ማግስት በራችንን አንኳኩ። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። እንኳን ደስ አላችሁም አላሉ። ጫማቸውን በሩ ላይ አወለቁ፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉና ሰባ አምስት ዓመታቸውን ተሸክመው ሳሎናችን ውስጥ ይድሁ ጀመር።

“እትዬ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?” አልኳቸው።

“ቤቱን በልጁ ዓይን እያየሁት ነው። አንተ ከላይ ሆነህ ምን ይታይሃል?”

አልዋሽም፣ ጠረጠርኳቸው። ሰው በጤናው አንገቱን በሰው ሶፋ ሥር አይከትም። እንደ ወጡ ማንኪያዎቹን ቆጠርኩ። ማንኪያዎቹ ሙሉ ናቸው፤ እንዲያውም ጠረጴዛው ላይ ትርፍ ንብረት ትተውልን ሄደዋል። አንድ ሳንቲም፣ አንድ የራስ ምታት ክኒንና አንዲት ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ። ሁሉም ከሶፋችን ሥር የወጡ ናቸው።

“ሳንቲሙ ያንቃል፣ ክኒኑ ይመርዛል፣ ይቺ ባትሪ ደግሞ ጉሮሮ ታቃጥላለች” ብለውን ነበር ሲወጡ። “ከዋጣት እስክትወጣ እንጠብቅ የሚባል ነገር የለም። በዚያው ደቂቃ ሐኪም ቤት!”

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ የማይቀር ቁጥጥር ሆነ። ክብርት ተቆጣጣሪ ማንንም ምንንም አያምኑም። “አላመንኩትም” ይላሉ፤ ፍርዱ ይሄው ነው፣ ይግባኝ የለውም። እህቴ ያመጣችለትን አሻንጉሊት ድብ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ዓይኑን በጥፍራቸው ሳብ ሳብ አደረጉት። “የአርባ ዓመት ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ይኼ ቁልፍ በሁለት ዙር ክር ነው የተያዘው። አላመንኩትም።” ድቡ ያን ዕለት ዓይነ ስውር ሆነ። የመጋረጃውን ገመድ አላመኑትም፣ ቆርጠው አሳጠሩት። እስከ ግማሽ ውሃ የሞላ የልብስ ባልዲ አይተው “ልጅ ለመስጠም ባሕር አይፈልግም” እያሉ ደፉት፤ ባለቤቴ ገና ዘፍዝፋው መውጣቷ ነበር። ወይን ሳይቀር በቁመቱ ለአራት ካልተሰነጠቀ ለልጁ አይሰጥም። ሻይ ይዤ ልጄን ልታቀፍ ስል ደግሞ እንደ ሌባ እጄን ያዙኝ። “ወይ ሻዩን፣ ወይ ልጁን። መርጠህ ያዝ!”

ይህን ሁሉ ችለን ነበር። ነገሩ የተበላሸው አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ሊጠይቁን የመጡ ዕለት ነው። አማቴ የልጁን ሽሮፕ በማንኪያ ይዘው “ና ከረሜላ ልስጥህ፣ የእኔ ጌታ!” አሉት።

“እመቤት፣” አሉ ክብርት ተቆጣጣሪ ቀዝቀዝ ብለው፣ “ዛሬ ከረሜላ ካሉት ነገ ጠርሙሱን ሙሉ ይጨርሰዋል። መድኃኒት መድኃኒት ነው የሚባለው።” ይኼ ሳያንስ የአማቴን ቦርሳ ከወለሉ አንስተው ቁም ሣጥን አናት ላይ ሰቀሉት። ውስጡ የደም ግፊት ክኒን አለ፤ እንዴት እንዳወቁ እንጃ።

“ስድስት ልጅ አሳድጌያለሁ! ቦርሳዬን አውርጂ!” አሉ አማቴ። በዚያው ተኳረፉ። አማቴ እግራቸውን ሰበሰቡ፣ ባለቤቴም እኔን በክፉ ዓይን ማየት ጀመረች። ስለዚህ ወሰንን። በሚቀጥለው ቅዳሜ በር አንከፍትም።

ያን ቅዳሜ ጠዋት መታጠቢያ ቤቱን ያጠብኩት እኔ ነኝ። የበረኪናው ዕቃ ተሰንጥቆ ስለነበር የተረፈውን በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ገለበጥኩና ጥግ ላይ አስቀመጥኩት። በኋላ ከፍ አደርገዋለሁ ብዬ። እንዲህ አድርጎ የማያውቅ ካለ ይውቀሰኝ።

በሰዓታቸው አንኳኩ። እኔና ባለቤቴ በሩ ሥር ትንፋሻችንን ውጠን ቆምን፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከአንዲት አሮጊት ተደብቀን።

“አላችሁ!” አሉ ከውጭ። “የልጁ ድምፅ ይሰማኛል!”

ባለቤቴ ሳቋን በእጇ አፈነች። እኔ በጣቴ ዝም በይ አልኳት። ደቂቃ አለፈ፣ አልሄዱም። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ።

“አሁን ልጁ ዝም አለ። ስሙኝ! ዝም ያለ ልጅ ሥራ ላይ ነው! ልጁን እዩት!”

ዘወር ስንል ከኋላችን የለም። መታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ፕላስቲኩን በእግሮቹ መሃል ይዞ፣ ክዳኑን በሁለት ጥርሶቹ ይታገላል። ባለቤቴ ሮጣ ነጠቀችው፤ እኔ በሩን ከፈትኩ።

“ጠጥቷል?” አሉ ጫማቸውን በሩ ላይ ጥለው እየገቡ። ክዳኑን አዩ፣ አልተከፈተም። አፉን አሸተቱ፣ ከንፈሩን ገልጠው አዩ፣ እጁንና ፊቱን ራሳቸው በብዙ ውሃ አጠቡት። ከዚያ ወለሉ ላይ ዘጭ አሉ።

“ቢጠጣ ኖሮ እንዳታስመልሱት” አሉ። “ሲወጣም መልሶ ያቃጥላል። ዕቃውን ይዛችሁ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። መርዝ ደግሞ በራሱ ዕቃ፣ ከነስሙ ነው የሚቀመጠው።”

ስድቡን ጠበቅኩ፣ አልመጣም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሱና ደረጃውን ይዘው ወረዱ፤ ጫማቸውን በራችን ላይ ረስተውት።

ከሰዓት በኋላ ጫማውን ይዤ ወረድኩ። እሳቸው በየሳምንቱ ሶፋችን ሥር ሲገቡ እኛ አንድ ቀን እንኳ ደጃቸውን ረግጠን አናውቅም። “ግባ” አሉኝ፤ ገባሁ። የታችኞቹ መሳቢያዎች በሙሉ በልብስ ጥብጣብ ታስረዋል። የጠረጴዛው ማዕዘኖች ጥጥ የተሞላ ጨርቅ ተሰፍቶላቸዋል። መቀሶቹ ከጣሪያው ሥር ተሰቅለዋል፤ እሳቸው ራሳቸው ወንበር ላይ ሳይወጡ አይደርሱባቸውም። ልጆቻቸው ጢማቸው የሸበተ፣ በዓመት አንዴ የሚመጡ ሰዎች ናቸው።

“እትዬ፣ እዚህ ቤት ልጅ አለ እንዴ?” አልኩ።

ጫማቸውን ተቀብለው ወለሉን አዩ። “እስካሁን አላመጣችሁትም” አሉ።

ማንኪያ የቆጠርኩበት ቀን ትዝ አለኝና አፈርኩ። ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ፣ ልጄን ከነአሻንጉሊቱ አቀፍኩና ይዤው ወረድኩ። ክብርት ተቆጣጣሪ በሩን ከፍተው ጠበቁን። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ እጃቸውን ዘረጉ፣ ልጁን አልወሰዱትም።

“መጀመሪያ እጁ ላይ ያለውን አሳየኝ” አሉ። “አላመንኩትም።”