የወይዘሮ ሃውታላ ሊንኮች

በየሰፈሩ አንድ የኢንተርኔት ሊንክ ላኪ አይጠፋም። በአሜሪካ በረዷማ ከተማ በዱሉት ያለው የእኛ ሰፈር ግን በዚህ ረገድ ከሌላው አብልጦ ታድሏል፤ ክብርት ወይዘሮ አይሪን ሃውታላ አሉን። የጥርስ ሐኪም ረዳት ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ አሁን ደግሞ ማንም ሳይሾማቸው ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ የትምህርት ሚኒስትር ናቸው።

በረዶ ስዝቅ ካዩኝ ከመንገዱ ማዶ ይጮኻሉ።

«ዳረል! ሳተርንን በጣትህ የምታሽከረክርበትን ገጽ አየኸው?»

«ገና አላየሁትም፣ ወይዘሮ ሃውታላ።»

«ነፃ እኮ ነው!»

ይህች ቃል ሰላምታቸውም ተግሣጻቸውም ናት። ጉንፋን ለያዘው ልጅ ሾርባ ልከው ስለ ነጭ የደም ሴል የሚያስረዳ ቪዲዮ ያስከትላሉ። ሁሉም የቤቱን ምግብ ይዞ በሚመጣበት የሰፈር ድግስ ላይ፣ የድንጋይ ዓይነቶችን የሚያስተምር ጨዋታ አድራሻ በካርቶን ጽፈው መጡና ከድንች ሰላጣዎቹ መሃል አቆሙት። ሌላ ምንም አላመጡም። በረዶ በዝቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከማስታወቂያው በፊት የእሳቸው አሥራ አንድ ሊንክ ይደርሰናል።

እኔ አልከፍታቸውም ነበር። ልጄ ሱኒቫ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጥያቄዋ ራሱ ፋታ አይሰጠኝም ነበር። ዘንድሮ ግን የክፍል ጓደኞቿ «ወይዘሪት ለምን» እያሉ ሲስቁባት መጠየቋን እርግፍ አድርጋ ተወች። ለዓመታት የተመኘሁት ጸጥታ ቤቴ ገባ፤ አስፈራኝም። አካፋዬን ተደግፌ ይህንኑ ለወይዘሮ ሃውታላ ነገርኳቸው። በዚያ ሳምንት የላኩት አንድ ሊንክ ብቻ ነው፤ የንስር ጎጆ ላይ የተተከለ ካሜራ።

ሱኒቫ ሦስት ቀን ሙሉ አፍጥጣ አየች። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ በረዶው እንቁላሎቿን ታቅፋ የተኛችውን ንስር እስከ አንገቷ ሸፈናት።

«አባዬ፣ እንቁላሎቹ ለምን አይቀዘቅዙም?»

መልሱን አውቀዋለሁ።

«እኔ እንጃ፣ የኔ እመቤት። ወይዘሮ ሃውታላን ጠይቂያቸው።»

ፒጃማዋ ላይ ካፖርት ደርባ መንገዱን ተሻገረች። ተከትያት ስደርስ ሁለቱ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል።

«እሳቸውም አያውቁም!» አለችኝ፤ ፊቷ በርቷል።

ከጀርባቸው መደርደሪያውን የሞሉት፣ በንባብ ብዛት ያረጁ የወፍ መጻሕፍት እንደተዘጉ ናቸው። ወይዘሮ ሃውታላ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ምን ይገትርሃል? ጫማህን አውልቅና ግባ» አሉኝ። «ጥያቄው ለሁለት አላዋቂ ከብዶናል።»