ትኩሳቱ የወረደ ቀን

«አቦ እለፋት! በዚያ ግባ!» ይለኛል ጎረቤቴ ሙክታር ከኋላዬ። ባጃጄ በሼክ ኑር ሰፈር አቧራ ውስጥ ትንጫጫለች፤ የአምስት ዓመቱ ልጁ አዩብ በእናቱ በዘይነብ እቅፍ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጣጥፏል። መሀል ላይ ደረሳችሁብኝ እንጂ ነገሩስ ከጠዋት ነው የጀመረው።

እኛ ሐበሾች ሀርጌሳም ብንገባ ሐኪማችን መዳፋችን ነው። ግንባር ላይ እናሳርፈዋለን፤ ካቃጠለን ታሟል፣ ከቀዘቀዘን ድኗል። በቃ። ትምህርት ስላቋረጥክ ነው እንዳትሉኝ፣ አስራ ሁለተኛን የጨረሰው የሙክታር መዳፍም ከእኔዋ አትሻልም።

አዩብ በትኩሳት ሲነድ ሰንብቶ ያን ቀን ጠዋት ቀዘቀዘ። ሙክታር ደስ ብሎት ሩዝ በፍየል ሥጋ አስቀቅሎ የምስጋና ሶደቃ አወጣ። እንዲህ ያለ ቦታ እኔ ሳልጠራም እቀድማለሁ። ዱዓ ተደረገ፣ አሚን አልን፣ እጃችንን ወደ ትሪው ሰደድን።

ዘይነብ ብቻ አልቀመሰችም። «ሆዴን ሆዴን ይላል። ውሃ እንኳ አልረጋለትም፣ ያስመልሰዋል። ድዱም እየደማ ነው።»

«አንቺ ደግሞ! ትኩሳቱ ለቆታል እኮ። ድካም ነው፣ ይተኛ» አላት ባሏ። አፋችን ሞልቶ ስለነበር እኛ ራሳችንን በአዎንታ ነቀነቅንለት።

አልተከራከረችም። ልጁን አንስታ ባጃጄ ውስጥ ገባችና «ትነሳለህ ወይስ ቁልፉን ትሰጠኛለህ?» አለችኝ። መንዳት እንደማትችል አውቃለሁ፤ ዓይኗን ሳይ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። ሙክታር እጁን ሳይታጠብ ሮጦ ተሳፈረ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ጅግጅጋ የተማረች፣ አማርኛ የምትችል ነርስ የልጁን እግር ዳሰሰች። በረዶ! ደሙን አስመርምራ፣ ግሉኮስ ሰክታ ወደ እኛ ዞረች።

«ዴንጊ ነው፣ ከትንኝ ንክሻ የሚመጣ ትኩሳት። የዚህ በሽታ ክፋቱ ብዙ ጊዜ ትኩሳቱ ሲወርድ ነው የሚመጣው። ሆዱን ካመመው፣ ትውከቱ አልቆም ካለ፣ ከደማ፣ ከፈዘዘ፣ ነገ እናየዋለን አይባልም። ደግነቱ ደርሳችኋል። አሁን ሽንቱን ጠብቁ፤ ከመጣ ሰውነቱ ውሃ አገኘ ማለት ነው፣ ጥሩኝ።»

ሙክታር ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። እሷ እቴ፣ ዓይኗ ከልጇ አልተነቀለም። ሦስት ትልልቅ ሰዎች አልጋ ከበን ለሽንት ዱዓ ያዝን። ሳቁ፤ እናንተም ብትሆኑ ትይዙ ነበር። ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላት አዛን ሲሰማ አዩብ አንድ ዓይኑን ገለጠ፣ አጠገቡ እኔን አገኘና ፊቱን አኮሳተረብኝ።

«አንተ! ምን ታፈጥብኛለህ? ሽንቴ መጣ!»