የሶስና ተራ ሲደርስ

ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ይባላል። ሶስና ግን የተኛችው መሽቶባት አይደለም። ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ፣ የአዳማ ሙቀት ቆርቆሮውን ሲያንጣጣው፣ የባዮሎጂ መጽሐፏን ደረቷ ላይ እንዳጋደመች እንቅልፍ ይዟት ሄደ። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ደግሞ ደግ ሕልም ይዞ አይመጣም። ያየችውን ሁሉ እነግራችኋለሁ፤ በፊት ግን ምን እያስፈራት እንደተኛች ማወቅ አለባችሁ፣ አለዚያ ነገሩ ያው የቀን ቅዠት ይመስላችኋል።

ሶስና አስረኛ ክፍል ናት። የባዮሎጂ መምህራቸው ቲቸር ገዛኸኝ የደም ዝውውርን በትልቅ ወረቀት ሥላችሁ በቡድን ታቀርባላችሁ ብሏቸው ነበር። የእሷ ቡድን ሦስት ሰው ነው፤ እሷ፣ ኢክራምና ናትናኤል። የቡድን ሥራ ደግሞ፣ መቼም ተምራችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፣ ሥራው ሰበብ ነው፤ ዋናው የሰው ቤት ማየት ነው። መጀመሪያ ኢክራም ቤት ተገናኙ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። እናቷ ሳምቡሳ በትሪ እያመላለሱ ወላሂ ካልበላችሁ ሲሉ፣ ወረቀቱ ሳይዘረጋ ቀኑ አለቀ። ቀጥሎ ናትናኤል ቤት ሄዱ። እዚያ በር ላይ ውሻ፣ ሳሎኑ ውስጥ እግር የሚሰምጥበት ምንጣፍ አለ። በሉ፣ ፊልም አዩ፣ ሶስና ብቻዋን ጥግ ይዛ አንድ ልብ ሣለች። ከዚያ በኋላ ተራው የእሷ ሆነ።

የሶስና ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ኪራይ፣ ተከራይ በሞላበት ግቢ ውስጥ። መሐሉ ላይ መጋረጃ ተዘርግቷል። ከመጋረጃው ወዲህ እሷና እናቷ፣ ወዲያ ደግሞ የእናቷ ወንድም ጋሼ ተሰማ ይተኛሉ። ጋሼ ተሰማ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሌሊቱን ሲጋግር ያድርና ቀን ይተኛል፤ ሲተኛ ደግሞ ማንኮራፋቱ አይጣል ነው፣ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። ሶስና ትወደዋለች። ጠዋት ጠዋት ትኩስ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልሎ ትራሷ አጠገብ የሚያኖርላት፣ ዩኒፎርሟን የሚያሰፋላት እሱ ነው። ግን እነኢክራም መጋረጃው ሥር ቁጭ ብለው ያንን ማንኮራፋት ሲሰሙ በዓይነ ኅሊናዋ ታያትና፣ ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አለች። ዓርብ ዕለት ኢክራም «ነገ እንግዲህ አንቺ ጋ ነን» ስትላት ሳታስበው ከአፏ አመለጣት። አጎቴ ሞቷል አለቻቸው።

ኢክራም አቀፈቻት፤ ናትናኤል አንገቱን ደፋ፤ የቡድን ሥራው ለሌላ ቀን ተላለፈ። ሶስና ተገላገልኩ ብላ ቤቷ ገባች። ከመጋረጃው ወዲያ ያንን ማንኮራፋት ስትሰማው ግን ደጃፉ ላይ ቆማ አማተበች። በቁም ሰው ላይ ማሟረት ማለት ይሄ አይደል? እናቷ ሰው ስለ በሽታ ሲያወራ እንኳ «አፍሽን በዳቦ» ብላ የምታማትብ ሴት ናት። ልጇ እቴ፣ ጤነኛውን ሰውዬ በአንድ ቃል ገደለችው። ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ተሰማ ከሥራ ሲገባ ትንሽ አሳለው። በቃ፣ ሳሉ ይዞት ሊሄድ ነው አለች በሆዷ። እናቷ እህል ልታስፈጭ ስትወጣ፣ እሷ የአጎቷን ትንፋሽ እያዳመጠች ጋደም አለች።

በሕልሟ ሰዎቹ በየቦታቸው ተተክለው ቤቶቹ ይሄዱ ነበር። ፋርማሲው እያሳለ ሐኪም ፍለጋ ይሮጣል። ሰዎች ባጃጅ በትከሻቸው ተሸክመው ይንገዳገዳሉ፤ ባጃጁ ደግሞ ከላይ ሆኖ ወራጅ አለ ይላል። ሶስና መንገድ ዳር እንደ ስልክ እንጨት ቆማ ሳለች የኢክራም ቤት መጣ። የመጣው አራተኛው ፎቅ ብቻ ነው፤ የታችኞቹ ቀርተዋል። አየር ላይ ቆሞ እያለከለከ፣ ደረጃው ገደለኝ አላት። ቀጥሎም ጫማውን አውልቆ «ተራው ያንቺ ነው፣ ልግባ?» አለና መልሷን ሳይጠብቅ ውስጧ ገባ። ሰው ቤት ይገባል እንጂ ቤት ሰው ውስጥ ይገባል ወይ ትሉ ይሆናል። ገባ፤ ሶፋው እንኳ ጎድኗን ሲገፋት ተሰምቷታል።

ወዲያው ራሷን ትሪ ላይ አገኘችው። ኢክራምና ናትናኤልም ከጎኗ ተደርድረዋል፣ ዘይት እንደነካቸው፣ እንደጋሉ። ሳምቡሳዎቹ ሶፋው ላይ ተቀምጠው የቡድን ሥራ ይሠራሉ። አንዷ ሳምቡሳ ጥግ ይዛ ብቻዋን ትጽፋለች፤ የቀሩት ስልክ ይነካካሉ። የኢክራም እናት ከጓዳ ብቅ ብለው ሳምቡሳዎቹን በሕይወቴ እንዳትቀምሱ አሏቸው። ሳምቡሳዎቹ አፍረው ኧረ በቃን፣ ብዙ አልበላንም ቢሉም ሴትዮዋ አልተበገሩም። እባካችሁ ትንሽ ጨምራችሁ ተዉ እያሉ ለመኑ። ሶስና በሉኝ አልበሉኝ በሚል ጭንቀት ጉልበቷን አቅፋ ተኮራመተች።

ትሪው ተዘነበለና ወደቁ። የወደቁት ክፍላቸው ውስጥ ነው። ወላጆች ዩኒፎርም ለብሰው አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ተጣበዋል። የናትናኤል አባት ቁምጣው ጠቦት ያለቅሳል። የናትናኤል ውሻ ሞኒተር ሆኖ በመሐል እየተንጎራደደ የሚያወራውን ወላጅ ባት ባቱን ይይዛል። ቲቸር ገዛኸኝ ሰሌዳው ሥር ተንበርክኮ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ነበር። ሶስናን ሲያይ ፊቱ በራ።

«እርስዎ ሶስና» አላት፣ «ትንሽ ማርክ ይጨምሩልኝ። የልጆች አባት ነኝ።»

ምን ሠርተህ ነው ብትለው፣ ርዕሱን ቀይሬላችኋለሁ አላት። የደም ዝውውር ቀርቷል። ለእናንተ ቡድን የደረሰው አጎት ነው። ሞዴሉ ከጭቃ አይሠራም፣ ከራሱ ከአጎትየው ነው። ሰኞ ይዛችሁት ትመጣላችሁ። ሞዴሉ ከሞተ ሙሉ ማርክ፣ ከተነፈሰ ዜሮ። ወላጆቹ በሙሉ አጨበጨቡ።

ሶስና አሁን ካልተናገርኩ መቼ ልናገር ብላ ቆረጠች። አልሞተም፣ ውሸቴን ነው ልትል አፏን ስትከፍት ትኩስ ዳቦ ተወሸቀበት። አኝካ ዋጠችው፤ ሌላ መጣ። ያንንም ዋጠች፤ ሌላ። ከኋላ ዴስክ እናቷ እጇን አውጥታ «አፍሽን በዳቦ ብዬሽ ነበር» አለች። ውሻው ወሬኛ ብሎ የእናቷን ባት ያዘ።

ሶስና ወጥታ ወደ ቤቷ ልትሮጥ ፈለገች። በዚያ ዓለም ግን ወደ ቤት አይሮጥም፣ ቤት እስኪመጣ ነው የሚጠበቅ። ቆማ ጠበቀች። ቤቶቹ እንደ ጠዋት ሰልፍ በቁመታቸው ተሰልፈው መጡ፤ የእሷ መጨረሻ ላይ ነበር፣ አንዲቱ ክፍል፣ መጋረጃዋን ተከናንባ፣ ግድግዳ ለግድግዳ እየታከከች። የናትናኤል ቤት ወደ ሶስና ቤት ዞር ብሎ ጠየቃት።

«ዛሬ እኮ ያንቺ ልጅ ጋ ነን። የታለች ልጅሽ?»

ቤቲቱ ሶስናን አየቻት። አቧራ የጠጣ ጫማዋን አየች፣ በዳቦ የተወጠረ ጉንጯን አየች፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች።

«ልጅቷ ሞታለች» አለች።

ሶስና እዚያው ቆማ ነው የሰማችው። ከፋት። ዳዴ ያልኩባት ቤት እንዴት በኔ ታፍራለች፣ ምን አድርጌያት ነው አለች በልቧ። ቤቶቹ በር በራቸውን ከፍተው እየዘጉ አጽናኑ። አለሁ እኮ፣ ይኸው ቆሜያለሁ ልትል ብትሞክር ዳቦው አላስተነፍስ አላት። የኢክራም ቤት ብቻ ዝቅ ብሎ አያትና፣ ምስኪን፣ ሟች ሁሉ እንዲህ ነው የሚል አለ።

ይኸን ጊዜ መጋረጃው ተከፈተና ጋሼ ተሰማ ወጣ። ቀን ሆኖ ሳለ ነቅቷል። ዱቄት የነካው ሽርጡን እንዳሸረጠ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ አለቃው ፊት እንደሚቀርብ ሰው ነው የቀረባት።

«ልጄ» አላት ሳይቆጣ፣ «ሞቷል ብለሽ ነግረሻቸዋል አሉኝ። ቅር አላለኝም። ቀኑን ብቻ ንገሪኝ፤ ዳቦ ቤቱ የሚተካኝ ሰው መፈለግ አለበት። ጓደኞችሽ ፊት ውሸታም አላሰኝሽም።»

ሶስና እምቢ ብላ ራሷን በኃይል ነቀነቀች። በዚያ ዓለም ራስ መነቅነቅ እሺ ማለት ኖሯል። ጋሼ ተሰማ «በይ እሺ» አለ። ጫማውን አውልቆ ጫፉን ወደ ግድግዳው አድርጎ አስተካክሎ አኖረ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ገብቶም ጋደም አለ። ማንኮራፋቱ ጀመረ። ቤቶቹ ሁሉ ጆሯቸውን ጣሉ። ሶስና ለመጀመሪያ ጊዜ አላፈረችም፤ ያ ድምፅ እንዳይቋረጥ ብቻ ነበር የምትለምነው። ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። እየቀጠነ፣ እየራቀ፣ ከዚያ ቆመ።

መጋረጃውን ገለጠችው። ከኋላው ሌላ መጋረጃ አለ። ያንንም ገለጠች፤ ሌላ። ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አንኮራፋልኝ፣ ቡድኑም ይምጣ፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ መጥቶ ይስማህ ትለዋለች በልቧ፤ አፏ ግን በዳቦ ተጠቅጥቋል። መጋረጃ ስትገልጥ፣ መጋረጃ ስትገልጥ እጇ ዛለ። ከሩቅ የሴቶች ለቅሶ ተሰማ። የመጨረሻው መጋረጃ ተገንጥሎ ፊቷ ላይ ወደቀባት።

መጽሐፉ ነበር። ፊቷ ላይ ተደፍቷል፤ ላብ አጥምቋታል። እፎይ፣ ተመስገን፣ ሕልም እልም አለችና አማተበች። ለቅሶው ግን አላቆመም።

ጆሮዋን አቆመች። ከመጋረጃው ወዲያ ጸጥ ብሏል። ተነሥታ ገለጠችው፤ አልጋው ባዶ ነው፣ ጫማውም የለም። አሟርቼ ገደልኩት፣ በአፌ ገደልኩት እያለች በባዶ እግሯ ወደ ውጭ ሮጠች።

ግቢው ሰው በሰው ሆኗል። የክፍሏ ልጆች በሙሉ መጥተዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፤ ቲቸር ገዛኸኝ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል፤ ኢክራም ዓይኗ አብጧል። የእድሩ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ ጎረምሶች የድንኳኑን ገመድ ከውኃ ታንከሩ ጋር እያሰሩ ነው። ልጆቹ ለቅሶ ልንደርስ ነው ብለው በሩ ላይ አንገታቸውን ሲደፉ፣ በር የከፈተችላቸው ጎረቤት እትዬ አስካለ ለማን ብላ ሳትጠይቅ እሪ አለች። መቼም ለቅሶ ላይ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። እሷን የሰማ ተከራይ እያለቀሰ ወጣ፤ የእሱን ድምፅ የሰማ ሰፈር እያለቀሰ ገባ። እናቷ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ በገዛ በሯ ላይ ድንኳን አየች፤ ዱቄቱን ጥላ መሬት ወደቀች። አሁንም ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ደረቷን ትመታለች። እስካሁን ድረስ አንድም ሰው አልጠየቀም።

ሶስና ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። አንድ እጅ ክንዷን ይዞ አግዳሚው ላይ አስቀመጣት፤ በጋቢው ጫፍ እንባዋን ጠረገላት። ቀና ብላ አየች። ጋሼ ተሰማ ነው። ጩኸቱ ከእንቅልፉ ቀስቅሶት፣ ጋቢውን ተከናንቦ ወጥቶ፣ ከወንዶቹ ጋር ሲያለቅስ ቆይቷል፤ ዓይኑ ደም መስሏል። ወደ መምህሩና ወደ ልጆቹ ሰረቅ አድርጎ አየ፣ እንግዶቹ እንዳይሰሙትም ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«የኔ ልጅ» አላት፣ «ማን ነው የሞተብን?»