ቤቱን የሚፈልገው ኢንጂነር

ተናጋሪዎች፦
ሊቁ፦ ከስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጣ ታላቅ ወንድም። ገና በልጅነቱ ሁሉን አውቃለሁ ስለሚል ቤተሰቡ ያወጣለት ስም ነው።
እህት፦ የሊቁ ታናሽ፣ ልብስ ሰፊ። ከከተማው ዳር ባለው የወላጆቻቸው ቤት ትኖራለች፤ ሥራዋም እዚያው ነው።

(ሳሎን። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና፣ ወለሉ ላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ። ሊቁ ግድግዳው ሥር ተንበርክኮ በእህቱ የልብስ ሜትር ይለካል።)

እህት፦ ጋሼ፣ ሜትሬን መልስልኝ አልኩህ!

ሊቁ፦ ዝም በይ፣ ቁጥሩ ይጠፋብኛል። ሰባት... ስምንት...

እህት፦ የሰው ቀሚስ ጀምሬ ቁጭ ብያለሁ እኮ!

ሊቁ፦ ቤት ሊሸጥ ነው፣ አንቺ ስለ ቀሚስ ታወሪያለሽ!

እህት፦ ግቢውን ሁሉ በዚች በአንድ ሜትር ተኩል ልትለካው ነው?

ሊቁ፦ ልለካው? ለክቼ ጨርሻለሁ እንጂ። ከጠዋት ጀምሬ።

እህት፦ ስንት ሆነ?

ሊቁ፦ (ተነስቶ ጉልበቱን እያራገፈ) አጥሩ ጋ ስደርስ ጎረቤትሽ ሰላም አለኝና ጠፋብኝ።

እህት፦ ካርታው ላይ ተጽፎ የለም እንዴ?

ሊቁ፦ ተጽፏል። ባለሙያ ግን ራሱ ሳይለካ አያምንም።

እህት፦ (ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አንስታ) ይሄስ? የእጅጌ ቅድ ነው?

ሊቁ፦ ምን እጅጌ አመጣው! ግራፍ ነው። የስድስት ሳምንት ጥናት።

እህት፦ ብብቱ ጋ በጣም ጠቧል። ይሄን የለበሰ ሰው እጁን አያነሳም።

ሊቁ፦ ወዲህ በይ! ገልብጠሽ ነው የያዝሽው። ይኸውልሽ፣ ይህኛው መስመር የቤታችን ዋጋ ነው። ያኛው ደግሞ የገዢው ፍላጎት። ሁለቱም በየሳምንቱ ሽቅብ!

እህት፦ ዋጋውን ማን ጨመረው?

ሊቁ፦ እኔ ነኛ። በየእሁዱ እየመጣሁ «ለደላላው ጨምሬያለሁ በይው» እልሽ የለ?

እህት፦ ለምንድን ነው የምትጨምረው?

ሊቁ፦ ገዢው ይበልጥ ስለፈለገ።

እህት፦ ገዢውስ ለምን ይበልጥ ፈለገ?

ሊቁ፦ ዋጋው ሲጨምር አይቶ! እንዳያመልጠው ይፈራል። ሳይንስ ነው ይሄ። አንቺ አይገባሽም።

እህት፦ እውነትህን ነው፣ አልገባኝም። (ትቀመጣለች፤ መርፌ ላይ ክር ታስገባለች) ለመሆኑ ስንት ገዢ ነው ያለው?

ሊቁ፦ እሱን እኔን ትጠይቂኛለሽ? ከደላላው ጋር የምትነጋገሪው አንቺ ነሽ። እኔ ከኋላ ሆኜ ነው የምመራው።

እህት፦ አንድ ሰውዬ ብቻ ነው ያለው። ደላላው ኢንጂነሩ ይለዋል፤ ስለ መሠረቱ፣ ስለ አፈሩ፣ ስለ ዝናብ ውኃው ሲጠይቅ ስለሚያደርቀው። በሳምንት ሦስቴ ይደውላል አሉ። «ሴትዮዋ ሸጠች እንዴ? ስንት ደረሰች?» እያለ።

ሊቁ፦ በሳምንት ሦስቴ! (እጁን ያፋትጋል) አየሽ ይሄን ጅል? ልቡን ከፍቶ ለደላላ እያሳየ! እንዲህ ያለ ሰው በሺህ አንድ ነው የሚገኘው።

እህት፦ ጅል ነው ትላለህ?

ሊቁ፦ የጅል አውራ! እኔን ብታይ፣ ገበያ ሳጠና ማንነቴን አላስታውቅም። (ሁለት ስልክ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል) ይሄ የዘመድ ነው። ይሄኛው የጥናት። በዚህኛው ለአንድ ደላላ እደውላለሁ፣ ቁጥሩን መታጠፊያው ላይ ካለው ምሰሶ ነው ያነበብኩት። ቤት ፈላጊ ነኝ እለዋለሁ፤ የሰፈሩን ዋጋ ይዘከዝክልኛል።

እህት፦ ምን አለህ?

ሊቁ፦ እዚሁ ሰፈር አንዲት ሴትዮ አለች አለኝ። በየሳምንቱ ትጨምራለች። ምን ዓይነት ስግብግብ ናት! እሷ ስትጨምር እኔም የኛን እጨምራለሁ።

እህት፦ (መርፌዋን ታቆማለች) ማን ትሆን?

ሊቁ፦ ምን አውቄ! አንዷ ነገረኛ ትሆናለች። ጎረቤቶችሽን እኔ ነኝ የማውቃቸው?

እህት፦ እንግዲህ እንሸጣለን ወይስ እንጠብቃለን? ደላላው ዛሬ ቁርጡን ንገሪኝ ብሎኛል።

ሊቁ፦ ዛሬ እንሸጣለን! መስመሩ ጫፍ ደርሷል። ከዚህ ወዲያ ቁልቁል ነው።

እህት፦ እኔስ?

ሊቁ፦ አንቺማ እኔ ጋ። አራተኛ ፎቅ፣ ከኋላ ያለው ክፍል ባዶ ነው።

እህት፦ መኪናዬስ? ስሰፋ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ከታች ያሉት ሰዎች ምን ይላሉ?

ሊቁ፦ በእጅሽ ትሰፊያለሻ።

እህት፦ ሠላሳ ዓመት ደንበኞቼ የሚያውቁት ይሄን በር ነው። አራተኛ ፎቅ ድረስ ዚፕ ለማስቀየር ማን ይወጣል?

ሊቁ፦ ስሜት ግራፍ ላይ አይሰፍርም፣ እህቴ።

እህት፦ እሁድ እሁድ አንተ የት ልትሄድ ነው?

ሊቁ፦ (ግራፉን ጠረጴዛው ላይ እያስተካከለ) ቤቴ እውላለኋ። ጋዜጣ አነባለሁ። አሁን ደውይለት፣ ጊዜ አናጥፋ።

እህት፦ ለደላላው?

ሊቁ፦ ለማን ሊሆን ነው!

እህት፦ ደላላውማ ሰለቸን። «በመሃላችሁ ስመላለስ እግሬ ቀጠነ፣ ራሳችሁ ተነጋገሩ» ብሎ የኢንጂነሩን ቁጥር ሰጥቶኛል።

ሊቁ፦ በጣም ጥሩ! ደውይ። ድምፅሽን ኮራ አድርጊው። መጀመሪያ ዋጋ የጠራ ይሸነፋል፤ ዝም በይው፣ ራሱ ይለፍልፍ።

(እህት ትደውላለች። ጠረጴዛው ላይ ካሉት ሁለት ስልኮች አንዱ ይጮኻል።)

ሊቁ፦ ቆይ፣ የጥናት ስልኬ ነው። የኔ ደላላ መሆን አለበት። (ጀርባውን ሰጥቶ፣ ድምፁን አጎርንኖ) ሄሎ! አቤት፣ ቤት ፈላጊው ነኝ። እንዴት ነው፣ ያቺ ስግብግብ ሴትዮ ቀነሰች?

እህት፦ (ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች) አልቀነሰችም።

ሊቁ፦ ማን ልበል?

እህት፦ ነገረኛዋ።

(ሊቁ ቀስ ብሎ ይዞራል። ሁለቱም ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ይተያያሉ።)

ሊቁ፦ (በስልኩ) አንቺ... አንቺ ምን ታደርጊያለሽ እዚህ?

እህት፦ የምኖረው እዚህ ነው። (ከመሳቢያዋ የቅድ ወረቀት አውጥታ ታነባለች) «ኢንጂነሩ የሚፈልገው ቤት፦ የሎሚ ዛፍ መስኮቱን ተጠግቶ የበቀለበት።»

ሊቁ፦ ሎሚ ጥላ አለው። ለዋጋ ጥሩ ነው።

እህት፦ «መግቢያው ሦስት ደረጃ፣ ሦስተኛው ከሌሎቹ አጠር ያለ።»

ሊቁ፦ እሱ... አባባ ሲሚንቶ አልቆበት እኮ ነው።

እህት፦ «የኩሽናው በር መቃን ላይ የልጆች ቁመት በእርሳስ የተጻፈበት። ቀለም ያልተቀባ።» ደላላው ሆዱን ይዞ እየሳቀ ነው የነገረኝ። እንዲህ ያለ ቤት ከየት ነው የምፈጥርለት እያለ።

(ሊቁ ስልኩን ዝቅ ያደርጋል። የቅድ ወረቀቱን ተቀብሎ ያነባል፣ ገልብጦም ያያል።)

ሊቁ፦ ምን ዓይነት ቤት ነው የምትፈልገው ሲለኝ... የሆነ ነገር መመለስ ነበረብኝ። ሌላ ቤት አልመጣልኝም።

እህት፦ አውቃለሁ።

ሊቁ፦ መቼ ነው ያወቅሽው?

እህት፦ በሁለተኛው ሳምንት።

ሊቁ፦ አራት ሳምንት ሙሉ ዝም አልሽኝ? ስድስት ሳምንት ከራሴ ጋር ስጫረት?

እህት፦ ጥናት ላይ ነህ ብዬ ነዋ። ደግሞ በሳምንት ሦስቴ ስለዚህ ቤት ትጠይቅ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። ለእኔ እንደዚያ ደውለህ አታውቅም።

(ሊቁ ግራፉን አጣጥፎ ኪሱ ይከታል። ወደ ኩሽናው ሄዶ የበሩን መቃን በጣቱ ይዳብሳል።)

ሊቁ፦ አልተቀባም።

እህት፦ አልቀባውም።

ሊቁ፦ እዚህ ጋ ትበልጪኛለሽ እንዴ? ታላቅሽ እኮ ነኝ!

እህት፦ ያን ዓመት በልጬህ ነበር። እንዳታይ እናታችን በካላንደር ሸፈነችው።

ሊቁ፦ (ተመልሶ ወንበር ላይ ዘፍ ይላል) ደላላውን ምን ልንለው ነው? ቁርጡን ይጠብቃል።

እህት፦ ነግሬዋለሁ።

ሊቁ፦ መቼ?

እህት፦ ጠዋት። ኢንጂነሩ ቤቱን አግኝቷል፣ አትድከም አልኩት።

ሊቁ፦ ምን አለሽ?

እህት፦ «እውነት? ገብቶበታል እንዴ?» አለኝ። በመስኮት አየሁህ፤ አጥሩ ሥር ተንበርክከሃል። (እጇን ለሜትሯ እየዘረጋች) «ገብቷል» አልኩት፣ «ግን አላመነም፤ ገና እየለካ ነው።»