«ቁጥሩ ከየት መጣ?» የሚሉት ሰው

አራት ሰው ተሰብስቦ በሚነጋገርበት መሥሪያ ቤት ሁሉ እኚህ ሰው አሉ። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል፣ ሰዉ ደብተሩን አጥፎ ብድግ ብድግ ማለት ሲጀምር፣ ከጥግ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ያን ጊዜ የተነሣው ሁሉ ተመልሶ ይቀመጣል፤ የሚመጣውን ያውቀዋላ።

«እሺ፤ ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?»

በአንድ የሳህንና የኩባያ ፋብሪካ የዚህ ማዕረግ ባለቤት የተመላሽ ዕቃ ክፍሉ ጸሐፊ ነበሩ። ፊት ለፊት «ጋሼ» ይባላሉ፤ ዞር ሲሉ «ክቡር ከየት መጣ»። እርሳሳቸውን በምላጭ የሚቀርጹ፣ የምሳ ሰዓት ደርሷል ቢሏቸው በማን ሰዓት እንደሆነ ሳያጣሩ ከመቀመጫቸው የማይነሡ ሰው ነበሩ። አንድ ጊዜ ሐኪም የደም ግፊታቸውን ለክቶ ቢነግራቸው፣ «መሣሪያው መጀመሪያ እርስዎ ላይ ይሞከር» ብለው ሐኪሙን እጅጌ አስጠቀለሉት ይባላል። የሐኪሙ በለጠ።

የመረጃ ክፍል ኃላፊዋ እኚህን ሰው አትወዳቸውም ነበር። የአራተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪዋን ያስታውሷታል። እኒያ አስተማሪ፣ ጠመኔ የነካው ጣታቸውን ደብተሯ ላይ አሳርፈው፣ «መልሱን አይቼዋለሁ፤ አሠራሩ የታለ?» ይሏት ነበር። መልሱ ትክክል ነበር፤ የተቀዳው ግን ከአጠገቧ ከተቀመጠችው ልጅ ነው።

አሁን ደግሞ ትልቅ ሥራ ይዛለች። የፋብሪካው መረጃ ሁሉ በአንድ ስክሪን ላይ ተሰብስቦ፣ ሥራ አስኪያጁ ወንበራቸው ላይ ሆነው የት ምን እንደተበላሸ እንዲያዩ ማድረግ ነው። ከእሷ በፊት ሁለት ሰዎች ሞክረውት፣ ስክሪኑም አቧራ ለብሶ፣ እነሱም የስንብት ደብዳቤያቸውን ይዘው ሄደዋል። ሦስተኛዋ ላለመሆን አንድ ዓመት ሙሉ ለፋች። ሥራው አልቆ ለአለቆች ሊታይ ሳምንት ሲቀረው፣ ክቡርነታቸው አንድ ካርቶን ተሸክመው ቢሮዋ መጡ።

«ልጄ፣ ስክሪንሽ ላይ ከመቶ ተመላሽ ሳህን ስልሳ አራቱ የተሰነጠቀ ነው ይላል አሉ።»

«አዎ ጋሼ። ከእናንተው ክፍል የተመዘገበ ነው።»

ካርቶኑን ከፍተው አሥራ ሁለት ሳህን ጠረጴዛዋ ላይ ደረደሩ። ከዚያ እያንዳንዱን በእርሳሳቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉ። የተሰነጠቀ ሳህን ሲመቱት ድምፁ ይታፈናል፤ እነዚህ ግን አሥራ ሁለቱም ጥርት ብለው ጮኹ።

«ታዲያ ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?»

ኃላፊዋ ሰዓቷን አየች። «ጋሼ፣ በአንድ ካርቶን አይፈረድም። ሦስት ሺህ መዝገብ ነው ያለኝ።»

ሳህኖቻቸውን አንድ በአንድ መልሰው ሄዱ። እሷም በሩ እንደተዘጋ የስብሰባ ጥሪውን ከፍታ የሳቸውን ስም ሰረዘች። ይህን ስታደርግ ማንም አላያት፤ ፊቷ ግን ጋለ።

የስብሰባው ቀን «የተሰነጠቀ» የሚለው ቀይ ዓምድ ስክሪኑ ላይ ከሁሉም በላይ ወጥቶ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ተደሰቱ፤ አንድ ዓመት የጠበቁት እንዲህ ያለ ጣት የሚጠቁም ነገር ነበር። ሳህን የሚሰነጠቀው እቶን ውስጥ ነው ተብሎ፣ ጣቱ የጠቆመው የእቶን ክፍል አለቃዋን እትዬን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እሳት ፊት ቆመው ቅንድባቸው የሳሳ ሴት ናቸው።

«እኔ የተሰነጠቀ ሳህን አሳልፌ አላውቅም» አሉ እትዬ።

«ታዲያ ስክሪኑ ነው የሚዋሸው?»

እትዬ ዞረው ኃላፊዋን አዩ። እሷ ግን በእጇ የያዘችውን የስክሪን መቆጣጠሪያ እንደ አዲስ ነገር አገላብጣ ማየት ጀመረች። አሥራ ሁለቱ ሳህኖች ጆሮዋ ውስጥ እየጮሁ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ እትዬ ወደ ማሸጊያ ክፍል እንዲዛወሩ ተወሰነ። ለኃላፊዋም ተጨበጨበላት።

በማግስቱ ጠዋት የተመላሽ ዕቃ ክፍሉን ደረጃ ወረደች። ጋሼ ያለ አንዳች ወቀሳ ጠጋ አሉላትና ጎን ለጎን ቆሙ። ዕቃ ተቀባይዋ ልጅ ከጭነት መኪና የወረደውን ካርቶን ታያለች፤ ኮምፒውተሩ የተመለሰበትን ምክንያት ይጠይቃታል፤ አንድ ቁልፍ ትጫናለች፤ ያልፋል። ተሰንጥቋል። ቀጣዩም ተሰንጥቋል።

«እቱ፣ ይሄ እኮ ደህና ሳህን ነው» አለቻት ኃላፊዋ።

«ደህና ነው። ያላዘዙት ስለተላከላቸው ነው የመለሱት። ሰማያዊ ጠይቀው ነጭ ሄደባቸው።»

«ታዲያ ለምን ተሰንጥቋል ትያለሽ?»

«ከላይ ያለው እሱ ነዋ። ሃያ ሁለት ምክንያት ተደርድሯል፤ ‹ያላዘዝነው ዕቃ ነው› የሚል ግን የለም። ሳልመርጥ ደግሞ ወደ ሌላው አያሳልፈኝም። ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋብኛል።»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ለማን?» አለች ልጅቷ፤ ለነገር ሳይሆን ከልቧ እያሰበች። «ዝርዝሩን ማን እንዳወጣው እንኳ አላውቅም።»

ዝርዝሩን ያወጣችው ኃላፊዋ ነበረች። በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ተመላሽ ሳህን በዓይኗ ሳታይ።  ጋሼ አንድ እርሳስ ቀርጸው ሰጧት። ሁለት መቶ ሳህን አብረው እየመቱ አዳመጡ፤ የታፈነ ድምፅ የሰጡት ዘጠኝ ናቸው።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ አብረው ገቡ። ጋሼ ቀድመው፣ «ስሕተቱን ወርዳ ያገኘችው ይህቺ ልጅ ናት» አሉ።

«አይደለም» አለች። «ጋሼ ከሳምንት በፊት ሳህኑን አምጥተው አሳይተውኛል። እኔ ነኝ የመለስኳቸው። ስማቸውንም ከጥሪው እኔ ነኝ የሰረዝኩት።»

ሥራ አስኪያጁ እትዬ ቦታቸው ላይ እንዲቆዩ፣ ከእንግዲህም የአንድ ክፍል ቁጥር የክፍሉ ሰው ከምዝገባው ጀምሮ ሳያየው ስክሪን ላይ እንዳይወጣ አዘዙ። ሥራው ሳይዘጋ የቀረው በዚህ ትእዛዝ ነው። ዛሬ ስክሪኑን የፋብሪካው ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ያምነዋልም።

እትዬ ግን እቶን ክፍል በር ላይ ሲያገኟት በጎኗ አልፈው ሄዱ።

«ሰላም አይሉኝም» አለች ለጋሼ።

«ይሉሻል። ጊዜ ስጫቸው።»

«እርስዎስ እንዴት አልተቀየሙኝም?»

ጋሼ ትንሽ አሰቡ፤ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ብርቅ ሳይሆንባቸው አልቀረም። «ሠላሳ ዓመት ስጠይቅ ኖሬአለሁ፣ ልጄ። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ይቆጣል። እስቲ እንየው ብሎ አብሮኝ የቆመ ግን ካንቺ በፊት አንድም ሰው የለም።»

ኃላፊዋ አንገቷን ደፋች። ያን ጠዋት የወረደችው፣ ጋሼ ካርቶናቸውን ይዘው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ እንዳይቀድሟት ፈርታ ነበር። ሁሉን ስትናዘዝ ይህችን አንዷን ውጣታለች። አሁን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። እሳቸው ግን ያለቻቸውን አንዲት በርጩማ በእጅጌያቸው እየጠረጉ ነበር።

«ቁጭ በይ እንጂ፤ እግርሽን ያምሻል» አሏት።

መቀመጥ አልቻለችም።