ሰማይ ላይ እማዬን ስጠብቅ

አውሮፕላን ማብረር ይረሳል ወይ? ይኼን ያልጠየቀኝ ሰው ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያለ አይመስለኝም። የጠየቀኝ ሁሉ ደግሞ መልሱን ራሱ ይሰጣል። አንዱ፣ እንደ ብስክሌት ነው፣ ከለመዱት አይረሳም ይለኛል። ብስክሌት እኮ ሲደክማችሁ አቁማችሁ ትወርዳላችሁ! ሌላው ደግሞ፣ ኧረ ይረሳል እንጂ፣ እኔ የራሴ ስልክ ቁጥር እንኳ ይጠፋብኛል ይላል። እስቲ የማውቀውን ልንገራችሁ። እጅ አይረሳም። አፍ ነው የሚረሳው።

ቆዩ፣ ከሥሩ ላውራችሁ። እኔ ረዳት አብራሪ ነበርኩ፤ ከካፒቴኑ በስተቀኝ የምትቀመጠዋ። ኮፍያ አለኝ፣ ትከሻዬ ላይ ወርቃማ መስመር አለ፣ እናቴ ደግሞ ይኼን ለማያውቅ ሰው ሁሉ ታሳውቃለች። አንድ ቀን ከፍኖተ ሰላም ተደወለና እማዬ ወደቀች ተባልኩ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። የአንድ ወር ፈቃድ ወስጄ መጣሁ። ወሯ ተለጥጣ ተለጥጣ ስድስት ዓመት ሆነች።

ምን ስሠራ ከረምኩ? በርበሬ ስነግድ ነዋ! የእማዬ ሥራ ነው፣ እኛን ያሳደገችበት። ዛላውን ከማንኩሳና ከቡሬ ገበያ እሰበስባለሁ፣ ቤት አምጥቼ እለቅማለሁ፣ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ ሳስነጥስ እውላለሁ። ገበያተኛው ሁሉ "አብራሪዋ" ነው የሚለኝ። አብራሪዋ፣ የዛሬው ደርቋል? አብራሪዋ፣ ይኼ አልረጠበም? መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ ይቆጠቁጠኝ ነበር። በኋላ ለመድኩት። አሁን ሳስበው በርበሬን አመሰግነዋለሁ፤ መድኃኒቱን የገዛው እሱ ነው።

እማዬ እግዜር ይመስገን እጅና እግሯ ቀስ በቀስ ተመለሱላት፣ ከዘራ ይዛ ግቢ ውስጥ ትዘዋወራለች። ንግግሯ ግን በዚያው ቀረ። አንዲት ቃል ብቻ ተረፈቻት። "ተመስገን።" ሐኪሙ፣ ይኼ የሚያጋጥም ነው፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲደጋግማት የኖራት ቃል አንዳንዴ ከሁሉ በኋላ ትቀራለች አለኝ። እኔ ያን ቀን ለራሴ ፈራሁ። በበርበሬ ገበያ የማወጣቸውን ቃላት እያወቅኩ፣ ነገ እኔ ብወድቅ የምትቀርልኝ ቃል እንግዳ ፊት የምትነገር ትሆን ይሆን?

እማዬ ግን በዚያች በአንዷ ቃል ቤቱን ቀጥ አድርጋ ታስተዳድራለች። ሻዩ ስኳር ሲያንሰው ኮስተር ብላ ተመስገን። ዶሮ እህሉ ላይ ስትወጣ ከዘራዋን እያነሳች ተመስገን። አንድ ከቡሬ የመጣ ነጋዴ በርበሬያችንን እያገላበጠ ሲያጣጥል፣ ከመኝታዋ ሆና አንዲት ረዥም ተመስገን ለቀቀችበት። ሰውየው ዋጋውን ጨምሮ፣ አመስግኖ ወጣ። ምን እንደሰማ እሱ ነው የሚያውቀው።

ታዲያ አንድ ቀን በርበሬ እየለቀምኩ ሳለ የድሮ የሥራ ጓደኛዬ ደወለች። እጄ በርበሬ ስለሆነ ስልኩን በክርኔ ነክቼ ድምፁን ለቀቅኩት። ሥራ ያቋረጡትን እየመለሱ ነው አለችኝ። ትምህርቱን እንደገና ትወስጃለሽ፣ መጨረሻ ላይ ትፈተኛለሽ፤ ካለፍሽ ወንበርሽ ላይ ነሽ፣ ከወደቅሽ ግን ሁለተኛ በር የለም፣ በዚያው ያበቃል አለች። እኔም ሳልጨርስላት አይሆንም አልኳት። እማዬን ለማን ጥዬ ነው? ይኼን ስል ከጓዳ ከዘራ ሲንኳኳ ሰማሁ። እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። በከዘራዋ የውጭውን በር እያሳየችኝ "ተመስገን" አለች። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰማኋቸውን ተመስገኖች ሁሉ አውቃቸዋለሁ። ይቺ ግን አዲስ ነበረች። ውጪልኝ ነው የምትለኝ። ደምበጫ የምታስተምረው ታናሽ እህቴ ደግሞ ይኼን ስትሰማ፣ እኔ ዝውውር ጠይቄ እመጣለሁ፣ አንቺ ብቻ ሂጂ አለችኝ። ታዲያ ምን ምክንያት ቀረኝ?

ምክንያት ባይኖረኝም ችግር ግን ነበረኝ። አፌ። አውሮፕላን ውስጥ ሁለት ሰው ነው ያለው። ከመነሳትም ከማረፍም በፊት አንዱ ማመሳከሪያውን፣ ቼክ ሊስት የሚባለውን ዝርዝር፣ ተራ በተራ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው እያንዳንዱን በዓይኑ እያየ ጮክ ብሎ ይመልሳል። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፣ አንዲት ቃል መለወጥ የለም። እኔ ደግሞ ስድስት ዓመት የመለስኩት ስለ በርበሬ ነው።

ጓደኛዬ የአብራሪ ክፍሉን ፎቶ በትልቅ ወረቀት አሳትማ በአውቶቡስ ላከችልኝ። እማዬ አልጋ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ከፈረስ ቤት ከተማ በሽተኛ ልትጠይቅ የመጣች አክስታችን፣ ክብ ክቡ ሁሉ ሰዓት መስሏት ረዥም ጊዜ ስታየው ቆየችና፣ ይኼን ሁሉ ሰዓት ሰቅላችሁ ምሳ እስካሁን ያልደረሰው በምን ምክንያት ነው አለች። እኔም ሮጬ ምሳ አቀረብኩ።

ሁለት በርጩማ ግድግዳው ፊት አስቀመጥኩ። የቀኙ የኔ ነው። የግራው፣ የካፒቴኑ፣ ማን ይቀመጥበት? እዚህ ላይ ነው አያ ዓለምነህ የሚመጡት። አያ ዓለምነህ የአጥር ጎረቤታችን ናቸው፤ ማንኩሳ መውጫ ላይ በቆሎና በርበሬ ያርሳሉ፣ በልጅነታቸው ዲያቆን ነበሩ። እማዬ ከወደቀች ጀምሮ ከእርሻ ሲመለሱ ሳይጠይቋት ገብተው አያውቁም። ማመሳከሪያውን በእኛው ፊደል ገልብጬ ሰጠኋቸውና፣ እባክዎ ያንብቡልኝ አልኩ። ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት፣ በልባቸው አነበቡት። ከዚያ ፊታቸው በራ።

"ይኼማ የቅዳሴ ሥርዓት ነው እቱ" አሉኝ። "ዲያቆኑ ይላል፣ ሕዝቡ ይመልሳል። አንዲቷም አትዘለልም።"

አለቀ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንበብ ቀረና ዜማ ሆነ። "ላንዲንግ ጊ...ይ...ር" ብለው ሲያወጡት የሰፈሩ ሰው ቆሞ ይሰማል። እኔ የግድግዳውን ወረቀት አይቼ "ዳውን" እላለሁ። ዳውን ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። የአውሮፕላኑ እግር ወርዷል፣ አሁን ማረፍ ይቻላል ማለት ነው አልኳቸው። ይኼን ጊዜ ከኋላችን እማዬ ከአልጋዋ ላይ "ተመስገን" አለች። አያ ዓለምነህ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሕዝቡ መለሰ፣ ይቀጥላል አሉ።

ይኼው ሥርዓት ሆነ። አያ ዓለምነህ ይላሉ፣ እኔ እመልሳለሁ፣ እማዬ ታሳርጋለች። እሷ ሳትል ወደሚቀጥለው ማለፍ የለም። እኔ፣ ይለፉት ግድ የለም፣ ተመስገን ወረቀቱ ላይ የለችም ብላቸው፣ አያ ዓለምነህ ሕዝብ ተትቶ ቅዳሴ አይሄድም ብለው ድርቅ አሉ። ችግሩ እማዬ ታንቀላፋለች። እግራችን ወርዶ፣ መንደርደሪያው ፊታችን ሆኖ፣ እማዬ ድብን ያለ እንቅልፍ ላይ ናት። አይቀሰቅሷትም፤ ነውር ነው። እስክትነቃ ቁጭ ብለን ሰማይ ላይ እንዞራለን። ባለቤታቸው እታፈራሁ በአጥሩ ላይ፣ ኧረ እራቱ ቀዘቀዘ፣ ኑ እንጂ ትላለች። አያ ዓለምነህ ዓይናቸውን ከግድግዳው ሳይነቅሉ "አላረፍንም" ይላሉ። ስንት እራት እንደቀዘቀዘባቸው ቤታቸው ይቁጠረው። አንድም ቀን ግን ደከመኝ አላሉኝም። 

እህቴ ተዛውራ መጣች፣ እኔ አዲስ አበባ ሄድኩ፣ ትምህርቱን ወሰድኩ፣ የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈተናው መሬት ሳይለቅ የሚበር ማሽን ውስጥ ነው። መሬት አለመልቀቁ እንዳያታልላችሁ፣ ላቡ እውነተኛ ነው። ፈታኙ ሽበታም፣ ፊታቸው የማይፈታ ካፒቴን ናቸው። በግራዬ የተቀመጠው አብሮኝ የሚፈተን ወጣት ካፒቴን ነው። አዎ፣ ካፒቴን። እኔ በርበሬ ስለቅም እሱ ተምሮ፣ ሠርቶ፣ ካፒቴን ሆኗል። እንኳን ሆነ። ብቻ ትንሽ አስነጠሰኝ።

ፈታኙ አንዱን ሞተር አጠፉብን። እጄ አልረሳም! ጉም አለበሱን። እጄ አልረሳም። ልናርፍ ስንል ወጣቱ ማመሳከሪያውን አወጣና፣ አንዱን ከአንዱ እያስከተለ እንደ ሚኒባስ ረዳት ያወርደው ጀመር። ላንዲንግ ጊር አለ። መብራቱን አየሁና "ዳውን" አልኩ። ቀጠለ። እጄን አነሳሁና "ቆይ" አልኩት። ቆመ። ጆሮዬን ወደ ኋላ ጣልኩ። የሚቀጥለውን አነበበ፣ መለስኩ፣ አሁንም እጄን አንስቼ ቆይ። ሦስተኛው ላይ ማሽኑ ቀጥ አለ። ፈታኙ ናቸው ያቆሙት።

"ምንድን ነው የምትጠብቂው?" አሉኝ።

ያን ጊዜ ገና ነቃሁ። የስድስት ዓመት ነገር፣ የእህቴ ዝውውር፣ የአያ ዓለምነህ እራት፣ የእማዬ ከዘራ፣ ሁሉም በዓይኔ መጣ። ልዋሽ አሰብኩ። ምን ብዬ? አፌ ላይ የመጣው እውነቱ ነው።

"እናቴን" አልኳቸው።

ከዚያማ ተናዘዝኩ። አንዲቷን ቃል፣ የግድግዳውን ወረቀት፣ ዲያቆኑንም ሕዝቡንም። ወጣቱ ካፒቴን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ይሳቅ ያልቅስ አላየሁም። ሽበታሙ ፈታኝ ሁለታችንንም አዩን። ከዚያ ወጣቱን፣ አንተ ትቸኩላለህ፣ አፍህ ከዓይንህ ይቀድማል አሉት። እኔን ደግሞ፣ እናትሽን መሬት ላይ ጠብቂያት፣ ቃሏን ግን በልብሽ ያዢው፣ ዓይንሽ የሚያይበት ጊዜ ታገኚበታለሽ አሉኝ። እንደገና አሉ። እንደገና አረፍን። እሱ ቀስ አለ፣ እኔ በልቤ ተመስገን እያልኩ መለስኩ። አለፍኩ። ስንወጣ ፈታኙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ለሚያመኝ ጉልበቴም አንዲት ተመስገን በይልኝ አሉኝ።

ብዙ ሳይቆይ የመጀመሪያ በረራዬ ደረሰ፤ አመሻሽ ላይ፣ ወደ ባሕር ዳር። የጎጃም ማሳ ከሥሬ ሲያልፍ የቱ ጋ እንደሆኑ ገምቼ በዓይኔ ተሳለምኳቸው። ሐይቁ ታየ። ላንዲንግ ጊር ተባለ፣ ዳውን አልኩ፣ የቀረችውን በልቤ አልኩ። አረፍን። መንገደኞቹ ሲወርዱ ስልኬን አውጥቼ ቤት ደወልኩ። እህቴ አነሳችው። አያ ዓለምነህ ከቀትር ጀምረው አዲሱን ጋቢያቸውን ለብሰው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል አለችኝ። ስልኩን እማዬ ጆሮ ላይ አደረገችው።

"እማዬ፣ አረፍን" አልኳት።

ትንፋሿ ይሰማኛል። እጠብቃለሁ። ተመስገኖቿን ሁሉ አውቃቸው የለም? የትኛዋ እንደምትመጣ ስንት ቀን አስቤያለሁ፤ ረዥሟን ነው የምጠብቀው።  ከንፈሯ ሲታገል ይሰማኛል። ከዚያ፣ ከወደቀች ጀምሮ አፏ ያልያዘውን አዲስ ቃል ቁልጭ አድርጋ አወጣችው።

"ዳውን" አለች።

 እህቴ ስታለቅስ ሰማሁ። የአያ ዓለምነህ ድምፅ ከሩቅ መጣ። ሕዝቡ እኮ ያንቺን ወሰደብሽ እቱ፣ የቀረችው ያንቺ ናት አሉኝ። እኔ ኮፍያዬን በእጄ ይዤ፣ አብሮኝ ያበረረው ካፒቴን ደንግጦ እያየኝ፣ በልቤ ሳይሆን በአፌ፣ ጮክ ብዬ "ተመስገን" አልኩ።

ይኼን እንደሰሙ አያ ዓለምነህ ወደ አጥሩ ዞረው ሲጣሩ ሰማኋቸው።

"እታፈራሁ፣ አርፈናል። እራቱን አቅርቢው።"